ስማቸው የተሸሸገው የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች

የቪዲዮ ጌም አጀማመር ሲነሣ አብዛኛው ሰው አታሪ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ይጠራል። ትንሽ ጠለቅ ብሎ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነውን ኖላን ቡሽኔልን ያስታውሳል። ቡሽኔል በጋዜጣና በቴሌቪዥን «የቪዲዮ ጌም አባት» እየተባለ ለዓመታት ተወድሷል። ታሪኩን ከሥሩ ለሚመረምር ሰው ግን ይህ ማዕረግ ለአንድ ሰው ብቻ የሚገባ ሆኖ አይታይም። ከአታሪ በፊት አንድ የፊዚክስ ሊቅ፣ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ወጣቶችና ከናዚ ጀርመን የሸሸ መሐንዲስ በየፊናቸው ደክመዋል። ከቡሽኔል ጎን ሆነው የለፉም ነበሩ። ከእነሱ በኋላ ደግሞ ሚሊዮኖች የተጫወቱትን ጌም ሠርተው ስማቸው በሣጥኑም በስክሪኑም ላይ ያልተጻፈ ብዙዎች መጡ።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። ከ1958 እስከ 1985 ያለው የቪዲዮ ጌም ታሪክ የመሣሪያና የቺፕ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሠሪው ስም የተሸሸገበት፣ ሠሪውም ስሙን ለማስመለስ የታገለበት ታሪክ ነው። ኢንዱስትሪው አሜሪካ ውስጥ በ1983 ሲንኮታኮትም ከምክንያቶቹ አንዱ ለሠሪው የነበረው ንቀት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጎብኚዎች የተሠራው ቴኒስ

በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ ላይ የሚገኘው ብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የኑክሌር ምርምር የሚካሄድበት ተቋም ነው። በ1950ዎቹ በየዓመቱ ለሕዝብ በሩን የሚከፍትበት ጊዜ ነበረው። ጎብኚው የሚያየው ግን በአብዛኛው ፎቶግራፍና ቆሞ የሚታይ መሣሪያ ነበር። የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ ዊልያም ሂጊንቦታም ሰው እጁን የሚያስገባበት፣ ነፍስ ያለው ነገር መኖር አለበት ብሎ አሰበ። በክፍሉ ከነበረው አናሎግ ኮምፒዩተር ጋር የመጣው መመሪያ የሚነጥር ኳስ ጉዞ እንዴት እንደሚሰላ ያስረዳል። ሂጊንቦታም ከዚህ ተነሥቶ «ቴኒስ ለሁለት» የተባለውን ጨዋታ ነደፈ፤ ቴክኒሻኑ ሮበርት ድቮራክ ገጣጠመው።

በጥቅምት 1958 የቀረበው ይህ ጨዋታ የሚታየው ስፋቱ 5 ኢንች ብቻ በሆነ የኦሲሎስኮፕ ስክሪን ላይ ነበር። አግድም የተሰመረው የብርሃን መስመር ሜዳው ነው፤ መሐል ላይ የቆመችው አጭር መስመር መረቡ፤ ወዲያ ወዲህ የምትነጥረው ነጥብ ደግሞ ኳሱ። ተጫዋቹ በእጁ የያዘው ሣጥን ላይ ያለውን ማዞሪያ እያዞረ አቅጣጫ ይመርጣል፤ ቁልፉን ተጭኖ ይመታል። ማን እንዳሸነፈ የሚቆጥር አልነበረም። ሆኖም በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ተራውን ለመጠበቅ ተሰለፈ። በቀጣዩ ዓመት ተለቅ ባለ ስክሪን ቀረበ፤ የስበት ኃይሉን ወደ ጨረቃ ወይም ወደ ጁፒተር ልክ መቀየርም ተቻለ። ከዚያ በኋላ ተፈታትቶ ዕቃዎቹ ለሌላ ሥራ ዋሉ።

ሂጊንቦታም ወደ 20 የሚጠጉ ፓተንቶች (የፈጠራ ባለቤትነት መብቶች) የነበሩት ሰው ነው። ለዚህኛው ግን ፓተንት አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም ባለቤቱ የአሜሪካ መንግሥት ይሆን ነበር። ሰውየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ የጊዜ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክስ ከሠሩት መካከል ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚታገለውን የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ፌዴሬሽን አቋቁመው ከመሩት አንዱ ሆነ፤ መታወስ የሚፈልገውም በዚሁ ነበር። «ቴኒስ ለሁለት»ን ሰፊው አንባቢ ያወቀው በ1982 አንድ የኮምፒዩተር መጽሔት ታሪኩን ሲያነሣው ነው።

በነጻ የታደለው ጦርነት

ከብሩክሄቨን በኋላ ታሪኩ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሄዳል። በ1961 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ፒዲፒ-1 የተባለውን ኮምፒዩተር ለተቋሙ በስጦታ ሰጠ። የማሽኑ ዋጋ 120,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ በጠቅላላው የተሠራውም 53 ብቻ ነው። በዚህ ውድ ዕቃ ላይ ሌሊት ሌሊት የሚሠሩ፣ በሞዴል ባቡር ክበብ የተሰባሰቡ ወጣቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ስቲቭ ራስል በ1962 መጀመሪያ ላይ «ስፔስዋር» የተባለውን ጌም አደረሰ። ሁለት የጠፈር መንኮራኩሮች እየተተኳኮሱ ይዋጋሉ።

ጌሙ የራስል ብቻ አልነበረም። ሐሳቡ ከማርቲን ግሬትዝና ከዌይን ዊታነን ጋር ሲብላላ የቆየ ነው። ፒተር ሳምሰን እውነተኛውን የሰማይ ከዋክብት አቀማመጥ ከጀርባ አስገባበት። ዳን ኤድዋርድስ መሐል ላይ ያለችው ፀሐይ መንኮራኩሮቹን በስበት እንድትጎትት አደረገ። አላን ኮቶክና ቦብ ሳውንደርስ በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ሣጥን ሠሩ። ማንም ገንዘብ አልጠየቀም። ፕሮግራሙ በተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ እየተገለበጠ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፤ ኩባንያው ራሱ ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ለመፈተን ይጠቀምበት ጀመር። ከዚያ በኋላ የመጡት ነጋዴዎች ያዩትና የተመኙት ይህንኑ ነው።

ከናዚ የሸሸው መሐንዲስ

ራልፍ ቤር በ1922 ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አይሁድ በመሆኑ ከትምህርት ቤት ተባረረ፤ በ1938፣ ናዚዎች በአይሁድ መደብሮችና ምኩራቦች ላይ ከዘመቱበት ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ሸሸ። ቤር ኒው ዮርክ ውስጥ ሬዲዮ እየጠገነ ኖረ፤ በጦርነቱ ዘመን በአሜሪካ ጦር የስለላ ክፍል አገለገለ፤ በኋላም ሳንደርስ አሶሺየትስ በተባለ፣ ለመከላከያ ኤሌክትሮኒክስ በሚሠራ ኩባንያ የክፍል ኃላፊ ሆነ።

ቤር የተነሣበት ጥያቄ ቀላል ነበር። በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ቴሌቪዥን አለ፤ ባለቤቱ ግን ጣቢያ ከመቀየር ውጭ ምንም አያደርግበትም። መስከረም 1 ቀን 1966 በቴሌቪዥን ላይ ጨዋታ ስለመጫወት ያሰበውን በአራት ገጽ አሰፈረ። ከቢል ሃሪሰንና ከቢል ረሽ ጋር ሆኖ በርካታ ሙከራዎችን ሠራ። የመጨረሻው፣ እንጨት መሰል ወረቀት የተለበጠው «ቡናማው ሣጥን»፣ በ1968 ተጠናቀቀ።

ማግናቮክስ የተባለው የቴሌቪዥን አምራች ፈቃዱን ገዝቶ በ1972 «ኦዲሲ» ብሎ ለገበያ አወጣው። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ ያ ማሽን ቢታይ ያስገርማል። ድምፅ የለውም፤ ነጥብ አይቆጥርም፤ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ነጭ ነጠብጣብና መስመር ብቻ ነው። ሜዳውንና መረቡን ለማሳየት በቀለም የታተመ ስስ ፕላስቲክ ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ ገዢው ያንን በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ለጥፎ ይጫወታል። ብዙ ሰው በማግናቮክስ ቴሌቪዥን ብቻ የሚሠራ መስሎት ሳይገዛ ቀረ። ያም ሆኖ 350,000 ያህል ተሸጠ። ቤር ከሂጊንቦታም የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ሥዕል፣ እያንዳንዱን ቀን መዝግቦ ፓተንት አውጥቷል። ይህ ጥንቃቄው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፍርድ ቤት ውስጥ ዋጋው ታየ።

ሳንቲም የሞላው ሣጥን

ቡሽኔልን ዝቅ ማድረግ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። የዩታ ተወላጁ ቡሽኔል ተማሪ ሳለ በመዝናኛ ፓርክ ይሠራ ስለነበር፣ ሰው ከኪሱ ሳንቲም የሚያወጣው ምን ሲያይ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። «ስፔስዋር»ን ሲያይ ሌላው ያላየውን ገበያ አየ። ችግሩ የኮምፒዩተሩ ዋጋ ነበር። በ1971 መጸው ላይ ሁለት ወጣቶች፣ ቢል ፒትስና ሂዩ ተክ፣ «ጋላክሲ ጌም» የተባለ በሳንቲም የሚሠራ ማሽን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አቁመው ነበር፤ በውስጡ ግን እውነተኛ ኮምፒዩተር ስላስገቡበት ወጪውን ሊመልስ አልቻለም።

መፍትሔው የመጣው ቡሽኔል አምፔክስ በተባለው ኩባንያ ካገኘው የሥራ ባልደረባው ከቴድ ዳብኒ ጋር ሲሠራ ነው። ዳብኒ ያለ ኮምፒዩተር፣ በተራ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ብቻ በቴሌቪዥን ላይ ነጥብ ማንቀሳቀስ የሚያስችለውን ሰርኪዩት ሠራ። በዚህ ዘዴ የተሠራው «ኮምፒዩተር ስፔስ» በ1971 ወጣ፤ ለአጠቃቀም አስቸጋሪ ስለነበር ግን ብዙም አልተሳካለትም። በሰኔ 1972 ሁለቱ በነፍስ ወከፍ 250 ዶላር አዋጥተው አታሪን መሠረቱ። ዳብኒ በ1973 ከኩባንያው ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአታሪ ምሥረታ ሲተረክ የእሱ ስም እምብዛም አይነሣም ነበር።

«ፖንግ»ን የሠራው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። አታሪ የቀጠረው ወጣቱ መሐንዲስ አል አልኮርን ጥርሱን እንዲነቅልበት ቀላል የቴኒስ ጌም እንዲሠራ ታዘዘ። ቡሽኔል ሥራው ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር የተዋዋሉበት እንደሆነ ነገረው፤ ውሉ ግን አልነበረም። አልኮርን ከታዘዘው በላይ ሠራ። መምቻውን በስምንት ከፋፍሎ፣ ኳሱ በሚያርፍበት ክፍል ልክ የተለያየ አቅጣጫ ይዞ እንዲመለስ አደረገ። ጨዋታው በቆየ ቁጥርም የኳሱ ፍጥነት ይጨምራል። ጌሙን ቀላል ሆኖ ሳለ የማይሰለች ያደረጉት እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው «ፖንግ» በ1972 ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ፣ አንዲ ካፕስ በተባለ መጠጥ ቤት ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ተበላሽቷል ተብሎ አልኮርን ተጠራ። ከፍቶ ሲያየው የተበላሸ ነገር የለም፤ የሳንቲሙ መያዣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ተጨማሪ መቀበል ተስኖት ነው። የአርኬድ (በሳንቲም የሚሠሩ የጌም ማሽኖች) ንግድ በእግሩ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ቡሽኔል ካሊፎርኒያ ውስጥ በተዘጋጀ የኦዲሲ ማሳያ ላይ ተገኝቶ በእንግዳ መዝገቡ ፈርሞ ነበር። ማግናቮክስ የቤር ፓተንት ተጥሷል ብሎ በ1974 በአታሪና በሌሎች ኩባንያዎች ላይ ክስ ሲመሠርት ይህ ፊርማ ማስረጃ ሆነ። አታሪ በ1976 ተስማምቶ የፈቃድ ክፍያ ፈጸመ። በሌሎቹ ተከሳሾች ላይ የቀጠለውን ጉዳይ የያዘው ዳኛም የቤርን ፓተንት ለመስኩ ፈር ቀዳጅ ብሎ ተቀበለው። ባለፓተንቶቹ በቀጣዮቹ ዓመታት ከተለያዩ ኩባንያዎች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ። ቤር ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት እጅ ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ የተቀበለው ግን በ2006፣ በ83 ዓመቱ ነው።

ጄሪ ላውሰንና ቢጫው ካርትሪጅ

እስከ 1976 ድረስ የቤት ውስጥ ጌም ማሽን የሚጫወተው ፋብሪካ ውስጥ የተቀበረበትን ብቻ ነበር። ሌላ ጌም የፈለገ ሌላ ማሽን ይገዛል። ይህን የለወጠውን ቡድን የመራው ጥቁር አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄሪ ላውሰን ነው።

ላውሰን በ1940 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። አባቱ የወደብ ሠራተኛ ነበሩ፤ የሳይንስ መጽሐፍ አንባቢም ነበሩ። አንደኛ ክፍል ሳለ መምህርቱ የታላቁን ጥቁር ሳይንቲስት የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ሥዕል ከመቀመጫው አጠገብ ሰቅላ፣ እሱም እንዲያ ሊሆን እንደሚችል እንደነገረችው አድጎም ያስታውስ ነበር። ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ተቀጥሮ ሳለ ጋራዡ ውስጥ የራሱን የአርኬድ ጌም ሠራ። ኩባንያው ይህን ሲያውቅ የቪዲዮ ጌም ክፍሉን ሥራ ሰጠው።

ጌሙን ከማሽኑ የመለየቱ መነሻ ሐሳብ አልፔክስ ከተባለ ኩባንያ የመጣ ነው፤ ዋላስ ኪርሽነርና ሎውረንስ ሃስከል የጀመሩት። የላውሰን ቡድን ሥራ ይህን ሐሳብ ልጅ ሊይዘው ወደሚችል ዕቃ መለወጥ ነበር። አንድ ቺፕ የተሸከመ ሰሌዳ በመቶዎች ጊዜ ሲገባና ሲወጣ እንዳይሰበር፣ ከእጅ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዳያቃጥለው፣ ማሽኑም የጎረቤቱን ቴሌቪዥን እንዳይረብሽ ማድረግ ነበረባቸው። ሮን ስሚዝ የመካኒኩን ክፍል፣ ኒክ ታለስፎር ቅርጹን ሠሩ። በኅዳር 1976 «ቻነል ኤፍ» ጌሞቹን ከያዙት ቢጫ ካርትሪጆቹ ጋር ገበያ ላይ ዋለ። ጨዋታን መሐል ላይ ለአፍታ ማቆም የተቻለውም በዚሁ ማሽን ነው። አታሪ ተመሳሳይ ዘዴ የሚጠቀም ማሽኑን በ1977 አውጥቶ ገበያውን ጠቀለለው፤ ቻነል ኤፍ ተረሳ። ላውሰን በጌም ሠሪዎች የሙያ ማኅበር በይፋ የተመሰገነው በመጋቢት 2011 ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ አረፈ።

የጃፓን ተራ

በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ የታይቶ ኩባንያ መሐንዲስ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ሠራ። ንድፉን፣ ሥዕሉን፣ ፕሮግራሙን፣ ሌላው ቀርቶ ፕሮግራሙን የሚጽፍበትን መሣሪያ ጭምር በአብዛኛው ለብቻው ነው ያበጀው። የሚተኮሰው በሰው ላይ እንዳይሆን ኩባንያው ስለከለከለ ጠላቶቹን ከጠፈር የመጡ ፍጡራን አደረጋቸው።

በጌሙ ውስጥ በአምስት ረድፍ 55 ጠላቶች ወደ ታች ይወርዳሉ። የማሽኑ ፕሮሰሰር ሁሉንም እኩል ለማንቀሳቀስ አቅሙ ስላልፈቀደ መጀመሪያ ላይ ይንፏቀቃሉ። ተጫዋቹ በገደላቸው ቁጥር የፕሮሰሰሩ ሸክም ይቀላል፤ የቀሩትም ይፈጥናሉ። የመጨረሻው አንድ ሲቀር እንደ ጥይት ይሮጣል። ኒሺካዶ ይህን የማሽኑን ድክመት አይቶ አላረመውም፤ የጨዋታው የልብ ትርታ አደረገው። የድል አፋፍ ላይ ስትደርስ ጭንቀቱ የሚበረታበት ይህ ስልት ከዚያ ወዲህ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ጌሞች ተደግሟል። ታይቶ በጃፓን ብቻ ከ100,000 በላይ ማሽን አሠራጨ። የኒሺካዶን ስም ግን ተጫዋቹ ሕዝብ ለረጅም ጊዜ አላወቀውም።

በ1980 የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ ሴቶችንም ወደ አርኬድ ቤት የሚስብ ጌም ለመሥራት አስቦ «ፓክማን»ን ነደፈ። አራቱን ጣዕረ ሞቶች የየራሳቸው ጠባይ ሰጣቸው፤ አንዱ ከኋላ ያሳድዳል፣ ሌላው ቀድሞ መንገድ ይዘጋል። ፓክማን በዓለም ዙሪያ ሸሚዝና ኩባያ ላይ ሳይቀር ታተመ። ኢዋታኒ በኋላ እንደተናገረው ለዚህ ሥራው የተለየ ጉርሻም የደመወዝ ጭማሪም አላገኘም።

በ1981 የወጣው የኒንቴንዶ «ዶንኪ ኮንግ» በትክክል የወጣቱ ሠዓሊ የሺገሩ ሚያሞቶ ድንቅ ሥራ ተብሎ ይወደሳል። ፕሮግራሙን የጻፉት ግን ኢኬጋሚ ጹሺንኪ የተባለ ሌላ ኩባንያ መሐንዲሶች ነበሩ። በጌሙ ኮድ ውስጥ፣ ተጫዋች ፈጽሞ በማያየው ቦታ፣ የኩባንያቸውን ስም የያዘ መልእክት ቀብረዋል። ነገሩ በኋላ ወደ ክርክር አምርቶ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተቋጨ። የእነዚያን መሐንዲሶች ስም ዛሬም የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ስውሩ ክፍል

በአሜሪካ ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ አታሪን በ1976 በ28 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ ኩባንያውን የመሩት ከጨርቃ ጨርቅ ንግድ የመጡት ሬይ ካሳር ናቸው። የጌም ፕሮግራመሮች ስም በሣጥኑም በመመሪያውም ላይ እንዳይወጣ የሚከለክለው አሠራር በእሳቸው ዘመን ጸና። ተፎካካሪ ይወስድብናል የሚል ፍራቻ ነበረ፤ ስም ያገኘ ሠራተኛ ደመወዝ ይጠይቃል የሚልም።

ዋረን ሮቢኔት በዓመት 22,000 ዶላር የሚከፈለው ፕሮግራመር ነበር። ብቻውን የሠራው «አድቬንቸር» የተባለ ጌም በ25 ዶላር እየተሸጠ አንድ ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጧል። ሮቢኔት አለቆቹን አልተሟገተም። ጌሙ ውስጥ፣ በጥቁሩ ግንብ የጨለማ መተላለፊያዎች፣ ከወለሉ ቀለም ጋር የተመሳሰለች አንዲት ነጥብ ደበቀ። ያቺን ነጥብ አግኝቶ ወደ ተወሰነው ቦታ የወሰዳት ተጫዋች ግድግዳውን አልፎ ይገባል። በውስጡ ጠላትም ሀብትም የለም፤ ከላይ እስከ ታች በሚለዋወጥ ቀለም የተጻፈ የሠሪው ስም ብቻ አለ። ሮቢኔት ምስጢሩን ለባልደረቦቹም ሳይነግር ሥራውን ለቀቀ። በ1980 በዩታ ግዛት የሚኖር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ክፍሉን አግኝቶ ለአታሪ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው ነገሩ የታወቀው። ካርትሪጁን አርሞ እንደገና ማሳተም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስለነበር ኩባንያው እንዳለ ተወው።

ሌሎች ግን ዝም አላሉም። በ1979 የትኛው ካርትሪጅ ምን ያህል እንደተሸጠ የሚያሳይ የኩባንያው ሰነድ በፕሮግራመሮቹ እጅ ገባ። ዴቪድ ክሬን፣ ቦብ ዋይትሄድ፣ ላሪ ካፕላንና አላን ሚለር ደምረው ሲያዩ፣ በአንድ ዓመት ከተሸጠው የ100 ሚሊዮን ዶላር ካርትሪጅ 60 ሚሊዮን ያህሉ የአራቱ ሥራ ነው። ለካሳር አቤት አሉ። ክሬን እንደሚያስታውሰው፣ የተሰጣቸው መልስ ድርሻቸው ፋብሪካ ውስጥ ካርትሪጅ ከሚገጣጥመው ሠራተኛ እንደማይበልጥ የሚገልጽ ነበር። አራቱ የበይ ተመልካች ሆነው መቅረትን አልመረጡም። ወጥተው አክቲቪዥንን መሠረቱ፤ ለሌላ ኩባንያ ማሽን ጌም የሚሠራ የመጀመሪያው ነጻ ድርጅት ሆነ። በእያንዳንዱ ጌም መመሪያ ላይ የሠሪውን ስምና ፎቶግራፍ አተሙ። ካሮል ሾው የተባለችው ፕሮግራመር «ሪቨር ሬይድ»ን በ1982 ስታወጣ በስሟ ነው የወጣው። አታሪ ከሰሳቸው፤ በ1982 ግን ተስማማ።

ውድቀቱ

በዚያው በ1982 አታሪ ሁለት ከባድ ስሕተት ሠራ። የፓክማንን የቤት ቅጂ በሰዎች እጅ ከነበረው ማሽን ቁጥር በላይ አሳትሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅ አልሸጥ አለው። ቀጥሎም «ኢ.ቲ.» የተባለውን የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም መብት በብዙ ገንዘብ ገዝቶ፣ ለገና ገበያ እንዲደርስ ለፕሮግራመሩ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ አምስት ሳምንት ብቻ ሰጠው። ጎበዝ ጌም ሠሪ በወራት የሚሠራውን በአምስት ሳምንት ጨርስ የተባለው፣ የፊልሙ ስም ብቻውን ይሸጠዋል ተብሎ ስለታመነ ነው። ተጫዋቹ ግን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚወድቅበት አሰልቺ ጌም ሆኖ አገኘው። በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅ ተመለሰ። በመስከረም 1983 አታሪ ያልተሸጠ ዕቃውን በጭነት መኪና አስጭኖ ኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ አጠገብ በረሃ ውስጥ ቀበረ። በ2014 በተደረገ ቁፋሮ ካርትሪጆቹ ከአፈር ወጥተው ታይተዋል።

በአሜሪካ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ የነበረው የቤት ቪዲዮ ጌም ገበያ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። መደርደሪያውን የሞላው ብልሹ ጌም፣ የዋጋ ፉክክሩ፣ የርካሽ ኮምፒዩተሮች መምጣት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ገበያውን ያጥለቀለቁት ከአክቲቪዥን በኋላ የፈሉት ነጻ ድርጅቶች ናቸው የሚል ክርክርም አለ፤ እውነትነት አለው። ነገር ግን አታሪ ምርጥ ሠሪዎቹን በንቀት ባያባርር ኖሮ ያ በር የሚከፈትበት ምክንያት አይኖርም ነበር። የቀሩትንም ጊዜ በመንፈግ ሥራቸውን አበላሸ። ጌም እንደ ጨርቅ በሜትር የሚቆረጥ ምርት የመሰላቸው አለቆች፣ ደንበኛው የሚገዛው የአንድን ሰው ሐሳብና ትጋት መሆኑን ዘነጉ። ገበያውን መልሶ ያነሣው፣ በ1985 ኒው ዮርክ ላይ ማሽኑን መሸጥ የጀመረው ኒንቴንዶ፣ እያንዳንዱ አሳታሚ በዓመት የሚያወጣውን የጌም ቁጥር ገድቦ ጥራትን ያስቀደመው ከዚህ ውድቀት ተምሮ ነው።

ለባለቤቱ ስሙን

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የቪዲዮ ጌም አንድ አባት የለውም። ሂጊንቦታም ለሰው ደስታ ሠራው፤ ራስልና ጓደኞቹ በነጻ አደሉት፤ ቤር ወደ ሳሎን አስገባው፤ ዳብኒና አልኮርን ርካሽና ተወዳጅ አደረጉት፤ ቡሽኔል ገበያ ፈጠረለት፤ ላውሰን ጌሙን ከማሽኑ ለየው፤ ኒሺካዶና ኢዋታኒ ነፍስ ዘሩበት። ከእነዚህ አንዱን ብቻ አባት ብሎ መሾም ለትረካ ይመቻል፤ ለእውነት ግን አይመችም። ነጋዴውም የድካሙን ያህል ምስጋና ይገባዋል። የሠሪውን ስም ሰርዞ የራሱን ሲጽፍ ነው ጥፋት የሚሆነው።

ነገሩ የእኛንም አገር ይመለከታል። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚጫወተው ወጣት በስክሪኑ ላይ የሚሮጡትን ኳስ ተጫዋቾች ስም ከነማሊያ ቁጥራቸው በቃሉ ይወጣዋል። ጌሙን ከሠሩት መካከል ግን አንዱን መጥራት አይችልም። የአገራችን ወጣቶች ዛሬ ጌምና የስልክ መተግበሪያ መሥራት ጀምረዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይቆጥራል፤ የሥራ አመንጪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲገለጽ የመጠየቅ መብቱንም ያውቃል። ሕጉ አለ፤ የሚያስፈልገው ልማድ ነው።

ስለዚህ ወጣት ፕሮግራመሮችን የምትቀጥሩ ድርጅቶች፣ ሥራው ሲወጣ የሠሩትን ሰዎች ስም ከዋናው ፕሮግራመር እስከ ሠዓሊውና ድምፅ ቀጂው ድረስ ጻፉ። ወጣቶቹም ውል ስትፈርሙ ከደመወዛችሁ ቀጥሎ ስማችሁ የት እንደሚወጣ ጠይቁ፤ እንደ ቤርም የሠራችሁትን ከነቀኑ መዝግባችሁ አስቀምጡ። ተጫዋቾችም ጌሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲመጣ ቁልፉን ተጭናችሁ አትዝለሉት። ሠሪዎቹ ያንን ዝርዝር ያገኙት ታግለው ነው።